መሬት ላይ የቀሩት ጠጠሮች

አንድ ወረቀት ካነበብኩ ሳምንት ሆነኝ፤ ንዴቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም። እዚህ ሰመራ ግቢዬ ውስጥ አንዷን ክፍል የተከራየው መምህር አቤል ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ልሳን የሚያስተምር ጨዋ ልጅ ነው። ለተማሪዎቹ ያዘጋጀውን «የሥነ ልሳን መግቢያ» የሚል ጽሑፍ አምጥቶ፣ ዕድሜዎን ሙሉ አስተርጓሚ ነበሩና የአፋርኛ ምሳሌዎቹን ይዩልኝ አለኝ። መነጽሬን አድርጌ ጀመርኩ። ስለ ድምፅ የሚያጠናው ዘርፍ ይህ ነው ይላል፤ እውነት ነው። ስለ ቃል አመሠራረት፣ ስለ አገባብ፣ ስለ ፍቺ እያለ ይሄዳል፤ ደስ እያለኝ አነበብኩ። ያ ሁሉ ስም ያለው ዕውቀት መሆኑን ሳላውቅ ስሠራበት ኖሬያለሁ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ሰላምታና የመሳሰሉት መረጃ የማያስተላልፉ፣ ለመቀራረብ ብቻ የሚያገለግሉ ንግግሮች ናቸው።»

በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። እጄ ጠንክሮ ኖሮ ወረቀቱ ተቀደደ።

ልጁ ምን ያድርግ፣ ከመጽሐፍ ነው የቀዳው። እኔ የተናደድኩት ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በፊት፣ ኮሌጅ ሳልገባ፣ በራሴ አፍ ስለተናገርኩት ነው። ያስከተለውን ስለማውቅ ነው። ስለዚህ የሥራ ዘመኔን ልጽፍ ተቀምጫለሁ። ጡረታ የወጣሁበት ደብዳቤ ላይ «ተላላኪ» ተብዬ ነው የተጻፍኩት። መጀመሪያ የቀጠረኝ ጸሐፊ ለአስተርጓሚ የሚሆን መደብ አላገኘም፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ እሱን እየገለበጡ አሳለፉት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሥራ የጀመርኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ፣ የዕቃ መዝጋቢ ሆኜ ነው። ከወሎ ደጋ የወረድኩ፣ ዳዊት የደገምኩ፣ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ፉርጎ ሲራገፍ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ የመን ዓረቡ ይጨቃጨቃል። ሁሉንም የሚያግባባው አንድ ሰው ነበር፤ ሁመድ። ሁመድ አፋር ነው፤ ፊደል አልቆጠረም፣ ከአምስት ቋንቋ ያላነሰ ግን ይናገራል። በአማርኛ ሲናገር ለሁሉም «አንተ» ነው የሚለው፤ ለጣቢያው ሹምም፣ ለእኔም፣ ለፍየሉም። ሹሙ ይቆጣል፣ ሁመድ ይስቃል።

በኋላ ከአዋሽ በታች በወንዙ ዳር ትልቅ የጥጥ እርሻ ተከፈተና ሁመድ ዋና አስተርጓሚ ሆኖ ተቀጠረ። ረዳት ያስፈልገኛል ብሎ እኔን አስጠራኝ። ለምን እኔን እንደመረጠ ስጠይቀው፣ የአፋርኛ ቃል ሲጠፋህ ሠርተህ አታወጣም፣ ዝም ትላለህ፤ ለዚህ ነው አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሙገሳ አላገኘሁም። ወረድ ብላችሁ እንደምታዩት አልተገባኝም።

ሁመድ ትምህርቱን የጀመረው ከጉሮሮ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ እያልኩ ስቆጥር፣ ድምፃቸው አንድ ሆኖ ሳለ መልካቸው ለምን እንደሚለያይ የነገረኝ የኔታ አልነበረም። አፋሮች ዘንድ ግን ሐመሩ ሐ በሕይወት አለ፤ ዐይኑ ዐም በሕይወት አለ። ሁመድ ጣቴን ወስዶ ጉሮሮው ላይ ያስቀምጥና ከየት እንደሚነሣ ያስዳስሰኛል። እኔ ስሞክረው ግን እንደ ታነቀ ሰው ነበር የምሆነው።

ያን የምታርምልኝ ፋጡማ ነበረች። ፋጡማ የአንዱ የጎሣ ሽማግሌ የያዮ ታናሽ እህት ናት፤ ለሁመድ የግመል ወተት ታመጣለች፤ ማታ ማታ ሳይሆን ሁልጊዜ ጥዋት፣ ግመሎቹ ታልበው ሲያበቁ። በሩ ላይ ቆማ «በል» ትለኛለች። እላለሁ። ትስቃለች። «ድገም» ትላለች። እደግማለሁ፤ የወተት ዕቃውን መሬት አስቀምጣ ትስቃለች። ልጅ የሚለውን ቃል ድምፁን ከፊት ሲያጠነክሩት ወንድ፣ ከኋላ ሲያጠነክሩት ሴት እንደሚሆን ያስተማረችኝ እሷ ናት። እኔ እየተሳሳትኩ የጎረቤቷን ወንዶች ልጆች ሁሉ ሴት አድርጌአቸው ነበር። አንድ ቀን ዐይኑ ዐ ተሳካልኝና አልሳቀችም። «አሁን ሰው ልትሆን ነው» ብላኝ ሄደች።

የሁመድ ዋናው ዘዴ ጠጠር ነበር። ሰው ሲናገር እሱ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ጠጠር ከፊቱ ያስቀምጣል። ተናጋሪው ሲያበቃ በሽርጡ ጫፍ አፉን ይጠርጋል፤ ከዚያ ሲተረጉም አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር አንድ ጠጠር ያነሣል። መሬቱ ባዶ ካልሆነ አይነሣም። ያስተረጎመው ሰው ቢቸኩልም፣ ቢቆጣም፣ መኪናው ተነሥቶ ቢሆንም አይነሣም። ለእኔም ይህንኑ አስተማረኝ። ለመለማመድ አንድ የአማርኛ ቃል ስጠኝ ይለኛል። «አላስታረቀቻቸውም» እለዋለሁ። አንድ ጠጠር ለእርቁ፣ አንድ ላስታራቂዋ፣ አንድ ለተጣሉት፣ አንድ ሳይሆን ለመቅረቱ፤ አራት ጠጠር አስቀምጦ ቃሉን እንደ ሥጋ ብልት በብልት ያወጣዋል። የአቤል ወረቀት ይህን «ምዕላድ» ይለዋል። ሁመድ ጠጠር ነው የሚለው።

አገባቡንም ያወቅሁት ከሥራው ነው። በአማርኛም በአፋርኛም ግሱ መጨረሻ ነው የሚመጣው፤ ሰውየው ገደልኩ ይበል አዳንኩ ይበል እስኪጨርስ አይታወቅም። ስለዚህ ሁለታችንም ወገን መታገሥ ለምደናል። እርሻው ያስመጣው የውጭ አገር መሐንዲስ ግን በእሱ ቋንቋ ግሱ መሐል ላይ ስለሆነ፣ ገና ሳይጨረስ ምን አለ ምን አለ እያለ ያቋርጠናል። ፍቺውም እንዲሁ። ቢሮው «ባዶ መሬት» ብሎ በካርታ ላይ ቀለም የቀባው ዳርቻ፣ የያዮ ሰዎች በበጋ ከብታቸውን የሚያወርዱበት ነው። በክረምት የሉበትም። መሐንዲሱ የመጣው በክረምት ነበር። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ስንነግረው፣ አስተርጉሙ እንጂ አስተያየት ስጡ አልተባላችሁም አለን።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። ብዙ ጊዜ ልጽፈው ጀምሬ ትቼዋለሁ።

ሁመድ ወባ ጥሎት ክሊኒክ ተኝቷል። ሥራ አስኪያጁ ያዮን አስጠርቶ ኖሮ፣ ያዮ ከሁለት ሰዎች ጋር መጥቶ ቢሮው ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ተቀመጠ። ለሥራ አስኪያጁ ወንበር ወጣለት፤ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ኮራ ብዬ መሐላቸው ቁጢጥ አልኩ፤ ጠጠሮቼንም ይዣለሁ።

አፋር ከሰው ሲገናኝ ዳጉ ይሰጣል። አካባቢውን ለማያውቅ ዳጉ ሰላምታ ይመስለዋል፤ ሰላም ናችሁ፣ አገሩ ሰላም ነው፣ እየተባለ ነው የሚጀመረው። ነገሩ ግን ዜና ነው። ከየት መጣህ፣ ማንን አገኘህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፤ ዝናቡ፣ ሣሩ፣ ውሃው፣ ከብቱ፣ ሰዉ። የሰማኸውንና ያየኸውን ለይተህ ትናገራለህ፤ ጨምረህ አትናገርም፣ ቀንሰህም አትናገርም። ዜናውን የተቀበለም ኃላፊነቱን ተቀብሏል። ይህን ሁመድ ነግሮኛል። አላውቅም ነበር ብዬ የምሸሽበት ቦታ የለኝም።

ያዮ ዳጉውን ጀመረ። ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው። ሰዎቹ ሰላም እንደሆኑ፣ በስተምሥራቅ ያለውን አገር ዝናብ እንደከዳው፣ ሣሩ እንዳለቀ፣ ግመሎቹን ወደ ሌላ ወገን እንደሰደዱ፣ ከብቶቹና ጥጆቹ ግን ወደ ወንዙ ዳርቻ እንደተነሡ፣ ፋጡማ ከጥጆቹ ጋር ቀድማ እንደምትመጣ፣ ሁለት ሌሊት አድረው ዝቅ ካለው ሜዳ ላይ እንደሚሰፍሩ ተናገረ። እኔ በየነገሩ ጠጠር እያስቀመጥኩ ነው። ሰባት ጠጠር ደረሰ።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ።

«ምንድን ነው ይሄን ያህል የሚያወራው?» አለኝ።

«ሰላምታ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።

«እሱን ተወውና ቁም ነገሩን ንገረኝ።»

«ሰላም ነን ይላሉ። ዝናብ የለም ይላሉ» አልኩት።

ሁለት ጠጠር አነሣሁ። አምስቱ መሬት ላይ ቀሩ። እያየኋቸው ነው የቀሩት፤ አላየሁም አልልም። ለምን እንደዚያ አደረግሁ? ሥራ አስኪያጁ ቀልጣፋ ነው እንዲለኝ ነዋ። ሁመድን ያንዛዛል እያለ ሲያማው እሰማ ነበር፤ እኔ አላንዛዛም ለማለት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ የሚለውን አለ። ዳርቻው የእርሻው ይዞታ ሆኗል፤ ቦዩ አልቋል፤ በቅርቡ ውሃ ይለቀቅበታል፤ ከብት እንዳይገባ። ይህን አንድም ሳላጎድል ነገርኩ። ያዮ፣ ሰምቻለሁ፣ ከሰዎቼ ጋር ተነጋግሬ መልሱን በሰው እልካለሁ አለ። እኔም «ሰምተናል ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩ፤ መልስ እልካለሁ ያለውንም ዋጥኩት። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ሰዓቱን አሰረ።

ያዮ ጥቂት የጣቢያ አማርኛ ያውቃል። ሲነሣ መሬቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ግርማ፣ አንተ ሁሉን ነግረኸዋል?» አለኝ በአማርኛ።

«ሁሉን ነግሬዋለሁ» አልኩት።

በዚህ አምኖ ሄደ። ልብ በሉ፣ ለእሱ ነገሩ አልቋል። ከብቶቼ እየመጡ ነው ብሎ ዜናውን ሰጥቷል፤ ዜናውን የሰማ ሰው ደግሞ መልስ ሳይመጣ፣ ሰዎቹ ሜዳው ላይ ሳሉ ውሃ አይለቅም። በየትኛውም አገር ሰው የሆነ ሰው አይለቅም። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሰማም፤ እኔ ነኝ ያላሰማሁት።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ የቦዩ በር ተከፈተ። መሐንዲሱ ፎቶግራፍ አነሣ፤ የደጋ ሠራተኞቹ እልል አሉ። እኔም አጨበጨብኩ። ውሃው ዝቅ ወዳለው ሜዳ ሲወርድ ከቁጥቋጦው ጀርባ ያለውን ሰፈር ከእኛ ወገን ማንም አያየውም። መጀመሪያ የሰማሁት የከብት ጩኸት ነው። ስንደርስ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ተሸክመው የቦዩ ግድብ ላይ ወጥተዋል፤ ላሞቹ እስከ ሆዳቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ይታገላሉ። ጥጆቹ በእሾህ አጥር ውስጥ ታጉረው ነበር። ፋጡማ አጥሩን ልትከፍትላቸው ተመልሳ ገብታለች።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ሲዘጋ አገኟት። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

የሚያናድደው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከአዲስ አበባ አጣሪ መጣ ተባለ። አጣሪው ሜዳውን አላየም፤ ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት አዘዘ። ጸሐፊው በዚያ ባማረ እጅ ጽሑፉ፣ ነዋሪዎቹ ውሃ እንደሚለቀቅ አስቀድሞ በአስተርጓሚ ተነግሯቸው፣ ስለ መምጣታቸው ግን ምንም ሳያስታውቁ በገዛ እጃቸው ለአደጋ እንደተጋለጡ ጻፈ። አማርኛው አንድ ስሕተት የለበትም። ድምፁ ልክ፣ ምዕላዱ ልክ፣ አገባቡ ልክ። በዚያ ሁሉ ልክ የሆነ አማርኛ አንዲት ሴት ሁለተኛ ጊዜ ተቀበረች። ፈርም አሉኝ፤ ፈረምኩ። ፈርቼ ነው። ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ያ እጁ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ሁመድ ከክሊኒክ እንደወጣ ዋና አስተርጓሚ ነህና በአውራ ጣትህ አጽድቅ አሉት። ወረቀቱን አስነበበ፤ የሚያነበው እኔ ነበርኩ። ሳነብለት እንደ ልማዱ ጠጠር አላስቀመጠም። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረ።

«ያን ቀን ስንት መሬት ላይ ቀረ?» አለኝ።

«አምስት» አልኩ።

ለሥራ አስኪያጁ፣ አንተ ይሄ ወረቀት ባዶ ነው፣ ባዶ ነገር ላይ ጣቴን አላኖርም አለውና ወጣ። በዚያው ቀን ተሰናበተ። ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘሁት፤ አንድም ቃል አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፉርጎው ላይ ሊወጣ ሲል ከሽርጡ እጥፋት ጠጠሮቹን አውጥቶ መዳፌ ላይ አራገፋቸው። የእሱ የዋናነት ቦታ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ተቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት ያህል አስተርጉሜያለሁ። እርሻው እጅ ሲለውጥ እኔም ቦታ ለወጥኩ፤ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ዲቾቶ፣ ከዚያ ድንበሩ ላይ ገላፊ ጉምሩክ። ብዙ አለቃ አየሁ። የሚቸኩሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሰዓታቸው ብቻ ይለያያል። ከሁመድ ጠጠሮች አንዱ መሬት ላይ እያለ ግን ከመሬት ተነሥቼ አላውቅም። ገላፊ ላይ አንድ አለቃ አንተ ሽማግሌ ጠጠርህን አንሣልኝ ብሎ ቢጮህብኝ፣ የሾፌሩ ነገር ገና ሁለት ይቀረዋል፣ ጌታዬ፣ ይታገሡ ብዬ አስቀምጬዋለሁ። ጉብዝና አይደለም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ያዮን ያገኘሁት ዲቾቶ ሳለሁ ነው። የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ዳር፣ ጥላ ሥር፣ በበትሩ ተደግፎ ተቀምጧል፤ አርጅቷል። ሄጄ ፊቱ ቁጢጥ አልኩና በአፋርኛ፣ ፋጡማ ባረመችው ጉሮሮ፣ ዳጉ ጠየቅሁት። ከየት መጣህ፣ ማንን አገኘህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ። አንድም ሳላስቀር፣ ሁመድ እንዳስተማረኝ። እስክጨርስ ሰማኝ። የእሱን ዳጉ ቢሰጠኝ፣ እኔም ያንን የተዋጠ ዜና፣ ያን ፊርማ፣ ሁሉን ልነግረው ነበር፤ የእኔ ዳጉ እሱ ነበር።

ያዮ መልሱን በአማርኛ ሰጠኝ።

«ደኅና ነኝ። እርስዎ ደኅና ነዎት?»

በዕድሜው ለሰው «አንተ» ብቻ ሲል የኖረ ሰው ነው።

«ደኅና ነኝ» አልኩ።

«ቤተሰብ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«ደኅና ይዋሉ» አለኝና ተነሣ። ወዲያው አንድ የማላውቀው አፋር ከመኪና ወርዶ ሲመጣ፣ ያዮ እጁን ይዞ ከመኪናው ማዶ ወሰደው። እዚያ ተቀምጠው ዳጉ ጀመሩ። ብዙ ቆዩ። ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ቃሉን ግን እንዳልይዘው ዝቅ አድርገውታል።

ዛሬ ጥዋት አቤል ወረቀቱን ሊወስድ መጣ። ቀዩን መስመርና ቀዳዳውን አይቶ ደነገጠ፤ አባባ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ልሰርዘው? አለኝ። ይህን ሁሉ የጻፍኩትን አስነበብኩት።

«አትሰርዘው» አልኩት። «መረጃ የማያስተላልፍ ሰላምታስ አለ፤ እኔ አንድ ጊዜ ተሰጥቶኛል። ምሳሌው ነው የጎደለህ። ቦታው ዲቾቶ፣ ተናጋሪው ያዮ፣ አድማጩ ግርማ አስተርጓሚ ብለህ ጻፍበት።»

«ስምዎን ልጻፍ?» አለኝ።

ጻፈው አልኩት። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ፣ አምስቱን ጠጠሮች ከኪሴ አውጥቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩና አንድ በአንድ ነገርኩት፦ ሣሩ አልቋል፤ ግመሎቹ ወደ ሌላ ወገን ሄደዋል፤ ከብቶቹና ጥጆቹ ወደ ወንዙ ተነሥተዋል፤ ሁለት ሌሊት አድረው ዝቅ ካለው ሜዳ ላይ ይሰፍራሉ፤ ፋጡማ ከጥጆቹ ጋር ቀድማ ትመጣለች።